ሲሳይ ኦቾሎ ላይ ያላነሳው ፎቶ

ሲሳይ የካሜራውን ክዳን ከጣለ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሌላ አልገዛም፤ ክዳን መክፈት ጊዜ ይወስዳል ባይ ነው።

ሲቀላ በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ስቱዲዮው የምትኖረው በጉርድ ፎቶ ነው። ሰው ይገባል፣ ፀጉሩን በመዳፉ ያስተካክላል፣ ወንበሩ ላይ ደርቆ ይቀመጣል፤ ሲሳይ አንዴ ይጫናል፣ አለቀ። እሱ ግን ይህን ፎቶ ማንሳት ብሎ አይጠራውም።

"ሰው ተዘጋጅቶ ሲመጣ የሚመጣው ሌላ ሰው ሆኖ ነው" ይላል።

ለእሱ ፎቶ ማለት ሳያስበው መንገድ ላይ የሚያገኘው ነው። ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ ካሜራውን አብርቶ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎት ነው። ወደ ዓይኑ ሳያስጠጋ፣ እዚያው ደረቱ ላይ እንዳለ ማንሳት ለምዷል፤ ካሜራውን ከፍ ሲያደርግ ሰው ያየዋል፣ ያየው ደግሞ ፊቱን ይሰበስባል። የስቱዲዮው ግድግዳ በእነዚህ ፎቶዎች ተሞልቷል። ዝናብ ሲመጣበት የሙዝ ቅጠል የተከናነበ ትራፊክ ፖሊስ አለ። የሙዝ ዘለላ ወንበሩን ሁሉ ስለያዘበት ግማሽ አካሉን ውጪ አድርጎ የሚነዳ የባጃጅ ሾፌር አለ። በገዛ ሠርጉ ቀን ጥርሱን የሚጎረጉር ሙሽራም ነበር፤ ሚስቱ መጥታ ነቅላ ወሰደችው። ሲሳይ አይከለክልም። ሰዎች ራሳቸውን ፍለጋ ይገባሉ፣ ያገኘ ይስቃል፣ ያላገኘ ቅር ይለዋል። ማንንም ጎድቻለሁ ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

ባለፈው መስከረም ግን ያው እጁ ጉድ ሠራው።

የእናቱ እህት እማማ ጌጤ የሚኖሩት ከአባያ ሐይቅ በላይ፣ ኦቾሎ በምትባል የተራራ መንደር ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ታላቁ በርናባስ እዚያው ያርሳል፣ ይሸምናል፤ ታናሹ ማቴዎስ ከተማ ወርዶ መምህር ሆኗል። አባታቸው በተወላቸው የእንሰት ጓሮ ወሰን ተጣልተው ሦስት ዓመት ቃል አልተለዋወጡም። በጋሞ መስቀል ሲደርስ የትም የሄደ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በእማማ ጌጤ ቤት ግን አንዱ በፊት ለፊት ሲገባ ሌላው በጓሮ ይወጣ ነበር። አራተኛውን መስቀል እንዲህ ከማየው ባላየው ይሻለኛል ብለው እናትየው ሽማግሌዎቹን ለመኑ።

ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ሰምተው ወሰኑን የገፋው በርናባስ እንደሆነ ደረሱበት። ስለዚህ በመስቀል ዋዜማ፣ የመንደሩ ሸንጎ በሚቀመጥበት ዱቡሻ በሚባለው ሜዳ ላይ፣ ታላቅ ሆኖ ሳለ እርጥብ ሣር ይዞ በታናሹ ፊት እንዲንበረከክ ተፈረደ። የተንበረከከ ሰው የተበደለው እጁን ይዞ እስኪያነሳው ድረስ አይናገርም፣ አይነሳምም። በርናባስ ሁለት ቀን ሙሉ እንቢ ብሎ በሦስተኛው እሺ አለ።

ሲሳይ የሄደው እንደ ዘመድ ነው። ሽማግሌዎቹ ስልክ ይጥፋ ሲሉ ስልኩን አጠፋ። ካሜራው ደረቱ ላይ መሆኑ ትዝ አላለውም፤ ሰው ሸሚዝ መልበሱ ትዝ እንደማይለው።

በርናባስ ሣሩን ይዞ ሜዳውን አቋረጠ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ወንድሙ ፊት ሲደርስ ቆመ፣ አንድ ጉልበቱን መሬት አስነካ። በዚያች ቅጽበት ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ለቀቀ። ሲሳይ ሲነግረኝ፣ ሊገረፍ የተጠራ ሕፃን መሰለኝ ነው ያለው። ሁለተኛው ጉልበት ሳይደርስ ካሜራው ቀጭ አለ።

ሜዳው ጸጥ ብሎ ስለነበር ያልሰማ የለም። በርናባስ ተነስቶ ቆመ። ሣሩ ከእጁ ወደቀ።

"ሲቀላ ግድግዳህ ላይ ልትሰቅለኝ ነው?" አለ።

ቀጥሎም፣ ወደ ወንድሙ ሳያይ፣ ይህን ሰው ያስመጣው መምህሩ ነው፣ ለተማሪዎቹ ሊያሳየኝ ነው አለ። ማቴዎስ እኔ የለሁበትም ብሎ ለሽማግሌዎቹ ተናገረ፤ ለበርናባስ አይደለም። ከሴቶቹ መካከል የተቀመጡት እማማ ጌጤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ነገ መስቀል ነው።

ሲሳይ ካሜራውን ከአንገቱ አውልቆ ተጠጋ። ጋሼ በርናባስ፣ እያየኸኝ አጠፋዋለሁ አለ፤ አጠፋውም።

"ያየኸውንስ?" አለ በርናባስ። "እሱን በምን ታጠፋዋለህ?"

ሲሳይን ስንት ዓመት ሲያነሳ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ወይም ጠይቆት በሳቅ አልፎታል። ለማንሳት እጁን እንጂ ለዚህ ጥያቄ ራሱን አላዘጋጀም ነበር።

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ዱቡሻ ላይ ያጠፋ ዱቡሻ ላይ ይክሳል አሉ። ሲሳይ ካሜራውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠ፤ ከሜዳው ዳር ሣር ነጨና መጥቶ በርናባስ ፊት በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከ።

በርናባስ ግን እጁን አልዘረጋለትም። ጥቂት አይቶት ሄዶ ካሜራውን አነሳ። እኔም በተራዬ ላንሳህ አለ። አንድ ሰው ሳቅ አምልጦት አፉን ያዘ። በርናባስ ካሜራውን በሻካራ ጣቶቹ ወዲያና ወዲህ አገላበጠው፤ የሚነካው ጠፋው። ሲሳይ መናገር አይችልም። ሽማግሌዎቹ አያውቁትም። በቅርብ ካሉት የሚያውቀው ማቴዎስ ብቻ ነው።

"የቱን ነው የምጫነው?" አለ በርናባስ፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል።

ማቴዎስ አንገቱን አስግጎ ካሜራውን አየ።

"ከላይ ያለውን" አለ በመጨረሻ። "ቀስ ብለህ።"

ተጫነው። የወጣውን ለማየት ሁለቱም ትንሿ መስታወት ላይ አጎነበሱ፤ ግንባራቸው ሊጋጭ ምንም አልቀረው።

"ራሱን ቆርጠኸዋል" አለ ማቴዎስ።

"ራሱ ምን ያደርግለታል?"

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ማቴዎስም ሳቀ፤ ትንሽ ወደኋላ ሄደህ ድገመው አለው። በርናባስ ደገመው። ሲሳይ በሁለት እጁ ሣር ይዞ ከታች ሆኖ ያይ ነበር። ጎን ለጎን የተጣበቁትን ሁለት ራሶች፣ አንዱ ሸብቶ፣ አንዱ ገና መሸበት ጀምሮ፣ ከኋላቸው የአባያን ቀይ ውኃ። ያንን ያነሳው የለም።

ከዚያ በርናባስ ካሜራውን ለወንድሙ አስያዘው። እጁ ነጻ ሲሆን ጎንበስ ብሎ አዲስ ሣር ነጨ፣ ሳቁ ገና ከፊቱ ሳይጠፋ ሊንበረከክ ዝቅ አለ። ማቴዎስ ጉልበቱ መሬት ሳይነካ ክንዱን ያዘው። እንደተያያዙ ቆሙ። ካሜራው በመካከላቸው ተንጠልጥሎ ነበር፤ ማንም አላየውም። ሽማግሌዎቹ መመረቅ ጀመሩ፣ ሕዝቡ አሜን ይላል፣ ምርቃቱ ይረዝማል።

እማማ ጌጤ እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ወደ ሜዳው መሀል አዩ።

"ይሄን ልጅ እዚያው ልታሳድሩት ነው?" አሉ።

ወንድማማቾቹ ዞረው ሲያዩ ሲሳይ አሁንም እንደተንበረከከ ነው። አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ ብብቱ ገብተው አነሱት።