የሰይድ መዳፍ

የሞቀ የሰሊጥ ዘይት ሽታ አል አንሳብ የሚባል ሰፈር ያለችውን የልጄን ክፍል ሲሞላው ሐሳቤ ወደ አገሬ ወደ ሐርቡ ይነጉዳል። ልጄ ዘሀራ ሆቴል ውስጥ ማሳጅ ትሠራለች፤ ልጠይቃት ሙስካት በመጣሁ ማግሥት ኮሮና አውሮፕላኑንም ሆቴሉንም ዘጋና ሁለታችንም ቤት ቀረን፤ እሷም እጇ ሥራ እንዳይረሳ በየጁምዓው እኔን ታሸኛለች። ከዚያ ወዲህ አንገቴ እንደ ልቡ ይዞራል፣ ጉልበቴ ደረጃ አይፈራም፣ እንቅልፌም ተመልሷል። ሙያውን ከእኔ እንደወረሰች ለጎረቤት ሐበሾች ሁሉ በመስኮት ነግሬያለሁ።

እኔ ማንም ሳያስተምረኝ ወጌሻ የሆንኩ ሰው ነኝ። የሰፈራችንን ወጌሻ የጋሽ ይመርን ቤት ከእኛ የሚለየው አጥር ብቻ ነበር፤ ረዳት ሲፈልጉ ግን እኔን ጎበዙን ትተው፣ ማጭድ ጨብጦ ስለማያውቅ እጁ እንደ ሊጥ የለሰለሰውን ታናሽ ወንድሜን ሰይድን ወሰዱ። እሱ ከቤታቸው ገብቶ ዘይት እያሞቀ በሽማግሌው ሲመረቅ እኔ በቅናት እየጨስኩ በአጥሩ ቀዳዳ አይ ነበር፤ ያየሁትንም በጥጃችን ጭን ላይ ተለማመድኩ። ጋሽ ይመር ማሸት ሳይጀምሩ ሁለት መዳፋቸውን ጀርባ ላይ አኑረው ዝም ይሉ ነበር፤ እኔ ያንን የሽማግሌ ድካም ነው ብዬ ዘለልኩት። አድጌም አገር ያወቀኝ ወጌሻ ሆንኩ፤ በእጄ ያልጮኸ ሰው የለም። ሰይድ ዘንድ ሰው እንቅልፍ ይወስደው ነበር። መተኛት ምን መታከም ነው እያልኩ አናንቀው ነበር፤ ወረፋው የሚረዝመው ግን እሱ በር ላይ ነበር።

ባለፈው ጁምዓ ዘሀራ እንደ ልማዷ መዳፎቿን ጀርባዬ ላይ አኑራ ዝም ስትል ትዕግሥቴ አለቀ።

«ያላ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ጀርባህ እስኪቀበለኝ ነው፣ አባዬ። አጎቴ ሰይድ ነው በልጅነቴ ያስተማረኝ።»

«እኔስ?»

«አንተማ ታስጮኸኝ ነበር።»

ሰይድ አሁን ሐርቡ ብቻውን ነው። ሰው ሰውን መንካት ሲፈራ የበሩ ወረፋ ተበተነ፤ በስልክ ትከሻው አላላውስ እንዳለው ይነግረኛል። እኔ የእሱን እጅ ጀርባዬ ላይ ተሸክሜ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደገና ቀናሁበት። «ኻላስ፣ ይሁን» አልኳት፣ «ትንሽ እንደዚያው ቆዪ።» ዓይኔን ስጨፍን በመጨረሻ ከአጥሩ ወዲያ የገባሁ መሰለኝ፤ ውስጥ ሰይድ ብቻውን ተቀምጧል፣ ትከሻውን የሚይዝለት ሰው የለም።