ከላሜራው ጀርባ

ባለቤቴ ወንድይፍራው ባትላሜራ ነበር። የተጋጨ፣ የተጨረማመተ፣ ዝገት የበላው የመኪና አካል ቆርጦና ቀጥቅጦ ወደ ቀድሞ መልኩ የሚመልስ ሰው ማለት ነው። ጂንካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ከእነዚያ ውስጥ ሃያ ሰባቱን እኔ ከላሜራው ጀርባ ነበርኩ።

ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከውጭ በመዶሻ ይመታል፤ ሌላው ከውስጥ፣ መዶሻው በሚያርፍበት ልክ፣ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል። ድጋፍ ከሌለ ላሜራው ይለጠጣል እንጂ አይስተካከልም። የእኛ ድጋፍ ከተጣለ የዶዘር ሰንሰለት የተቆረጠ፣ የዳቦ ያህል ብረት ነበር። ያንን ይዤ በር ውስጥ፣ ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ሥር፣ አንዳንዴም ከመኪና ሆድ በታች በጀርባዬ ተጋድሜ ውያለሁ። ላሜራው መሃላችን ስለሆነ አንተያይም። ስለዚህ በኳኳታ ነበር የምንነጋገረው። እሱ አንድ ጊዜ ከመታ ብረቱን ወደ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ከመታ ወደ ታች። እኔ በምስማር ሁለቴ ካንኳኳሁ እጄ ዝሏል ማለት ነው፤ ያቆምልኛል።

ጂንካ የገባው በ1983 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። በጦር ሠራዊቱ የተሽከርካሪ ጥገና ክፍል ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን በእጁ የቀረው አንድ መዶሻና አንድ የላሜራ መቀስ ነበር። አርባ ምንጭ መንገድ ዳር ቆሞ ሳለ አንድ ኤንትሬ፣ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነው የድሮው የጣሊያን የጭነት መኪና፣ ጨው ጭኖ ሊነሳ ሲል አየ። ሾፌሩ ጋሽ ታሪኩ ነበር።

«ወዴት ነህ፣ ወታደር?» አለው ጋሽ ታሪኩ።

«አንተ ወደምትሄድበት።»

«እኔማ ወደ ቤቴ ነው የምሄደው።»

«እንግዲያው እኔም ወደ ቤትህ።»

ጋሽ ታሪኩ ስቆ ጨው ላይ አስቀመጠው። ያኔ ድልድይ ባልነበረበት ቦታ ሁሉ መኪና ወንዝ ውስጥ እየገባ ነበር የሚሻገረው። ወይጦ ሳይደርሱ አንዱ አሸዋ ውስጥ የፊቱ ፓራፋንጎ ተገንጥሎ ተንጠለጠለ። ወንድይፍራው ወርዶ በሽቦና በመዶሻ መለሰው። የመሳፈሪያው ሒሳብ ያ ሆነ። ጂንካ ሲደርሱ ጋሽ ታሪኩ ግቢው ውስጥ ጥላ ያለበት ጥግ ሰጠው፤ ሥራውን እዚያ ጀመረ።

እኔ ከድሮው አውሮፕላን ሜዳ አጠገብ ሻይ እሸጥ ነበር። ሻይ ሊጠጣ ይመጣል፤ ብዙ አይናገርም። አንድ ቀን «የሺመቤት፣ ይቺን ብረት ለአፍታ ትይዥልኛለሽ?» አለኝ። ይዤለት ስወጣ ምድጃዬ ላይ የነበረው ውኃ አልቆ ማንቆርቆሪያው ነዷል። በሳምንቱ አዲስ ማንቆርቆሪያ ከላሜራ ሠርቶ አመጣልኝ። ክዳኑ ልክ አልነበረም፤ ማንቆርቆሪያው ግን ዛሬም አለ። በ1986 ተጋባን። እናቴ «ሴት ልጅ መኪና ሥር ተኝታ ምን ልትወልድ ነው?» ትል ነበር። ሁለት ልጆች ወለድኩ፤ ሁለቱም እጅና እግራቸው ሙሉ ነው።

ብረት ሲመታ የሚኖር ሰው ጆሮው አይበረክትም። ወደ 2000 ዓ.ም. ገደማ ካልጮኹበት መስማት አቆመ። ሰዎች ሲያዝኑለት «የጂንካ ወሬ ቀረብኝ እንጂ ምን ቀረብኝ?» ይላቸዋል። የቀረበት ሌላ ነገር ነበር። አንድ ላሜራ በትክክል ተቀምጦ ከሆነ ሲመታ ዱብ ይላል። ሥሩ ባዶ ከሆነ ኳ ይላል። በዓይን አይለይም። ባዶ የቀረው ቦታ ውስጥ ውኃ ይቋጥራል፤ ውኃው ሥራውን ከውስጥ ይበላዋል፤ ባለ መኪናው የሚያውቀው ሲበሳ ነው። ስለዚህ ወንድይፍራው አንድ ጊዜ ይመታና ዓይኔን ያያል። ከገጠመ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ካልገጠመ በእጄ አይደለም እላለሁ፤ ወዲያው ይቆርጠዋል። የምስማሬን ኳኳታ ለመስማት ደግሞ መዳፉን ላሜራው ላይ ያሳርፍ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራን። ከአንዲት ከሰዓት በኋላ በቀር ዋሽቼው አላውቅም።

በ2013 ታኅሣሥ ላይ ያቺው ኤንትሬ በአይሱዙ እየተጎተተች ወደ እኛ ግቢ መጣች። ጋሽ ታሪኩ መንዳት ካቆመ ወዲህ ስድስት ዓመት እሱ ቤት ማንጎ ሥር ቆማ ነበር። ልጆቹ ከሶዶ ለሚመጡ የብረት ገዢዎች ቆርጠው ሊሰጧት ነው።

«እስከ ፋሲካ በራሷ ጎማ ከግቢ ከወጣች ትኑርልህ፤ ካልወጣች አትከልክለን ብለውኛል» አለ ጋሽ ታሪኩ፣ ወንድይፍራው ጆሮ ላይ እየጮኸ። «ሞተሯ ይነሳል። ወለሉ ነው። እግሬን ሳሳርፍ መሬት እነካለሁ።»

«ታዲያ ፍሬን ምን ያደርግልሃል? በእግርህ ታቆማታለህ።»

«አንተ ደንቆሮ፣ ቀልዱን ተወው። ትችላለህ ወይስ አትችልም?»

ወንድይፍራው መዳፉን በሩ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ መቀሱን እንዳመጣለት በእጁ ጠቆመኝ።

የጋቢናውን ጎማ ምንጣፍ ስናነሳ ከሥሩ የወንዝ አሸዋ፣ የጨው ቅርፊት፣ የበቆሎ ፍሬ፣ የገበያተኛ ሴቶች ጨሌ ወጣ። ወንድይፍራው ዝገቱን እንደ ደብዳቤ ያነበው ነበር። «ይህ ጨው ነው። ይህ ወንዝ ነው። ይህ ደግሞ የታሪኩ ስንፍና ነው፤ አንድ ቀን አንስቶ ጠርጎት አያውቅም።» ዝገት በሚታይበት ቦታ አያቆምም። አንድ ስንዝር ወደ ጤናማው ብረት ገብቶ ነበር የሚቆርጠው። አሮጌውን ደግሞ አይጥልም፤ ምንም ቢበላም አዲሱ ላሜራ ላይ አጋድሞ በጠመኔ ይከበዋል። ልኩ እሱ ነው። ጠርዙ አልቆ በማይታወቅበት ቦታ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ አየር ላይ ይሥላል፤ ከዚያ ይቆርጣል።

የበሮቹን ታች፣ መወጣጫዎቹን፣ የወለሉን አብዛኛውን በጥርና በየካቲት ጨረስን። ሳሉ የጀመረው ያኔ ነው። ጢሱ ነው ይላል፤ ወተት ይጠጣል፤ ይመለሳል።

መጋቢት ማለቂያ ላይ የቀረችው አንዲት ጥግ ነበረች፤ በሾፌሩ እግር ሥር ያለችው። እኔ ከታች ተጋድሜ ብረቱን ደገፍኩ፤ እሱ ከላይ ላሜራውን በነጥብ በነጥብ እየበየደ ያዘውና መታው። ዱብ፣ ዱብ አለ። ወለሉን ከሥር ከሚሸከመው ማገር በላይ፣ መዳፍ በማታክል ቦታ ላይ ግን ኳ አለ። ከሥር ወጣሁ። መወጣጫው ላይ ተቀምጧል። አንድ እጁ ደረቱ ላይ ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ።

አልገጠመም ብዬ ብነግረው ያኔውኑ ተነስቶ ሊቆርጠው እንደሆነ አውቃለሁ። ለነገ አሳድረው ብዬ ብለምነውም አይሰማኝም። እኔው ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ተነስቶ የብየዳውን እሳት አቀጣጠለ፤ ጥጉን ከዳር እስከ ዳር ዘጋው። ቀስ እያለ፣ እያረፈ ነው የሠራው። ብየዳው እንደ ሰፌድ ስፌት አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድሮ ወጣ። ጋዙን ዘግቶ መነጽሩን ሲያወልቅ «ጥሩ አድርጌ ጨረስኳት፣ አይደል?» አለኝ። እንደገና ነቀነቅኩ።

በማግሥቱ ከአልጋው አልተነሳም። ሆስፒታል ወሰድነው። ዘጠኝ ቀን ተኛ። በእነዚያ ቀናት ልነግረው ሞክሬያለሁ። ነገር ግን ክፍሉ ውስጥ ስምንት አልጋ ነበር፤ የማይሰማ ሰው ጆሮ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚነገር ነገር ደግሞ የለም። መጮህ ነበረብኝ፤ አልጮህኩም። አንድ ጊዜ እጁን የአልጋው ብረት ላይ እንደያዝኩ ብረቱን በጥፍሬ ሁለቴ አንኳኳሁ። እጅሽ ዛለ ወይ በሚል ዓይን አየኝና ጣቶቹን አላላልኝ። በሚያዝያ ስምንት ዐረፈ።

ፋሲካ አለፈ። የጋሽ ታሪኩ ልጆች ስለ ሐዘኑ ብለው ምንም ሳይሉ ጠበቁ። አርባው ከወጣ በኋላ ግን ጋሽ ታሪኩ በምርኩዙ እየተደገፈ መጣ።

«ላስቸኩልሽ አይደለም» አለ። «ልጆቹ ሰው ሊልኩ ነው። ምን ያህል ቀርቷታል?»

«ቀለም ብቻ» አልኩት።

ወደ ጋቢናው ልውጣ አለ፤ ደግፌ አወጣሁት። መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ልማድ ሆኖበት እግሩን ወደ ፍሬኑ ሰደደ፤ ተረከዙ ጥጉ ላይ አረፈ። ኳ አለ። እንደገና ረገጠው። ኳ። ዞሮ አየኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

«እሱ እንዲህ ያለ ሥራ አያሳልፍም ነበር።»

«አላሳለፈም። እኔ ነኝ ገጥሟል ያልኩት።» የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

ጋሽ ታሪኩ እግሩን ከጥጉ አነሳ። ከዚያ «ተያት፣ የሺመቤት» አለኝ። «የእጁ የመጨረሻ ናት። እኔ እንደሆነ ዕድሜዬን ታውቂያለሽ፤ እስክትዝግ አልቆይም።»

«ውኃ ይገባባታል፣ ጋሼ።»

«ይግባባታ።»

«የዛሬ ሦስት ዓመት ወለሉ ሲበሳ ሰው ማን ሠራው ይላል? ወንድይፍራው ይባላል።»

«ከቆረጥሻት ግን የእሱ እጅ ምን ይቀርልሻል?»

እኔም በየሌሊቱ ራሴን ስጠይቅ የነበረው ጥያቄ ነው። በዚያ ጥግ ላይ በየቀኑ እጄን አሳርፍ ነበር። ስፌቱን በጣቴ ስከተል የት ላይ እንዳረፈ፣ የት ላይ እንዳሳለ አውቃለሁ። መኪናዋን ለብረት ገዢ ቢሰጧት እንኳ ያንን ቁራጭ አስቆርጬ ላስቀር አስቤ ነበር።

«የቀረው በሙሉ የእሱ ነው» አልኩት። «ይቺ ግን የኔ ናት።»

ጋሽ ታሪኩ መሪውን ለቀቀ። ምርኩዙን አቀብዬው ወረደ።

ጎረቤታችን ማቲ የበርና መስኮት በያጅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ለብየዳው እሱን ጠራሁት። መጥቶ ጥጉን ጎንበስ ብሎ አየና መነጽሩን አወለቀ።

«እትዬ፣ የሌላ ሰው ሥራ ቢሆን እቆርጣለሁ። የጋሼ ወንድይፍራውን ብየዳ ግን እኔ አልቆርጥም።»

«ማን ቁረጥ አለህ? ማሽኑን አቀብለኝ።»

መቁረጫውን ይዤ አላውቅም ነበር፤ ሲይዝ ግን ሃያ ሰባት ዓመት አይቻለሁ። ብየዳውን ተከትዬ ዙሪያውን ቆረጥኩ። ላሜራውን ሳነሳው በማገሩና በእሱ መካከል የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ነበር። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ዳሩ ላይ ቀጭን ቡናማ መስመር ጀምሯል። ለማቲ አሳየሁት። «እውነትም» አለ።

ቁራጩን አልጣልኩትም። አዲሱ ላሜራ ላይ አጋድሜ በጠመኔ ከበብኩት። አንድ ጣት ጨመርኩበት፤ ትርፉ ወደ ታች ታጥፎ ክፍተቱን እንዲሞላ።

መኪናዋ ሰኔ ሲገባ በራሷ ጎማ ወጣች፤ ወንድይፍራው ጨው ላይ ተጭኖባት ጂንካ በገባ በሠላሳ ዓመቱ መሆኑ ነው። መሪውን የያዘው የጋሽ ታሪኩ ትልቁ ልጅ ነበር፤ ጋሽ ታሪኩ ከጎኑ ነው። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ አልዱባ ገበያ ትመላለሳለች። በበራችን ስታልፍ ድምፅዋን አውቀዋለሁ፤ ወጥቼ ግን አላይም።

እኔ የማስበው ጥጉን የገጠምንበትን ቀን ነው። ማቲን ከታች አስገብቼ የዶዘሩን ብረት አስያዝኩት። መዶሻውን ይዤ ከላይ ቆምኩ። ከዚህ ወገን ቆሜ አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ መታሁ።

«ምን ላድርግ፣ እትዬ?» አለ ማቲ ከሥር።

«ብረቱን ወደ ላይ። አንድ ከመታሁ ወደ ላይ ነው።»

መጀመሪያ ኳ አለ። አወጣነው፤ አጠፍኩት፤ መለስነው። አሁንም ኳ አለ፤ አነስ ብሎ። እንደገና አወጣነው። በሦስተኛው ማቲ ወጥቶ በነጥብ በነጥብ ያዘውና ተመልሶ ገባ። መታሁት። ዱብ አለ። ከዳር ጀምሬ እስከ ዳር መታሁት፤ ሁሉም ዱብ አለ።

«ገጠመ፣ እትዬ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እትዬ፣ ገጠመ ወይ?»

መዳፌ ላሜራው ላይ ነበር። ማቲ ከሥር ሆኖ እንደማያየኝ፣ ጆሮው ግን ደኅና እንደሆነ ያኔ ትዝ አለኝ።

«ገጥሟል» አልኩት።