የእህቴ ክኒን እኩሌታ

በደርግ ዘመን፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ መልሱን ባላውቀውም ከሁሉ ቀድሜ እጄን የማወጣ ልጅ ነበርኩ። አባቴ «የዚች ልጅ አፍ ከልቧ ቀድሞ ነው የተፈጠረ» ይለኝ ነበር፤ አልተሳሳተም። አንድ የጥቅምት ቀን የከሚሴ ፀሐይ የክፍላችንን ቆርቆሮ ሲያግለው፣ ግማሻችን እያንቀላፋን፣ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሰው አንገት ሣለ። ጉሮሮው ላይ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ የምትመስል ነገር ጨመረበትና «ይህች ዕጢ ናት» አለ።

ከዚህች ዕጢ የሚወጣው ሆርሞን በደም ተሳፍሮ መላ ሰውነትን፣ አእምሮንም ጭምር እንደሚያዝ ነገረን። ሲበዛ ልብ በኃይል ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰው ይቅበጠበጣል። ሲያንስ ደግሞ ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ፊት ያብጣል፣ ድምፅ ይጎረንናል፣ ሐሳብ ይንቀራፈፋል። «እንዲህ ያለውን ሰው ሰዎች ሰነፍ ይሉታል» አለ አስተማሪው። «ካልታከመ ዕድሜውም ያጥራል።»

እጄን ማውጣቴን እንኳ ረስቼ ተነሳሁ።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ እህቴ ናት» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም።

ታላቅ እህቴ ጨፋ ሮቢት አጠገብ ለአንድ ገበሬ ተድራ ነበር። ከማግባቷ በፊት በሠርግ ቤት የእሷን ምላስ የሚመክት አልተገኘም፤ ግጥም ሲወራወሩ ሌሎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ እሷ መልሱን ጨርሳ ትቀመጥ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ሰው ሁሉ ልብሱን በሚያወልቅበት የጨፋ ሙቀት እሷ ጋቢ ተከናንባ ትቀመጣለች። ወተት እሳት ላይ ጥዳ ትረሳለች። አንድ ነገር ልትናገር ትጀምርና መሐል ላይ ትተወዋለች፤ የተረፈውን ቃል ከየት እንደምታመጣው ግራ ገብቷት ታየኛለች። ያ አስተያየቷ አንጀቴን ይበላው ነበር።

ወዳጃ ተደርጎላታል። ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ጫቱን እየቃመ ቀኑን ሙሉ ዱዓ አድርጎላታል። ጅን ነው ያሉም ነበሩ። አማቷ ግን አልተስማሙም፤ «ጅን የያዘው ሰውስ ይፈጥናል። ይቺስ ስንፍና ናት» አሉ። ይባስ ብሎ በዚያው ሰሞን ከባሏ ቤተሰብ መልእክት መጣ፤ ማሽላው ታጭዶ ሲወቃ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ እሷ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፣ ልጇ እዚያው ይቀራል። ልጁ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር።

ደወሉ እንደተደወለ አስተማሪውን እስከ ቢሮው ተከትዬ ሄድኩ። «እኔ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ደሴ ወስዳችሁ ሐኪም ይያት» አለኝ። ያም ሆኖ ምልክቶቹን በወረቀት ጻፈልኝ። ወረቀቱን በእጄ ጨብጬ እስከ ቤት ሮጥኩ።

አባቴ የከብት ነጋዴ ነው፤ ባቲ ገበያ ሄዶ መምጣቱ ነበር። ግቢ ውስጥ ጠፍር ሲያለሰልስ አገኘሁትና ዕጢውን፣ ደሙን፣ ሆርሞኑን አንድ ላይ አፈሰስኩበት።

«ቀስ በይ፣ ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ» አለኝ። እንደ ብዙዎቻችን፣ ልቡ ሲነካ ኦሮምኛው ይቀድመዋል። «አንዲት ቁራጭ ሥጋ የሰው ጠባይ ትለውጣለች ነው የምትይኝ?»

«አዎ አባ፣ እሱን ነው የምልህ።»

ጠፍሩን አስቀመጠ። ከዚያ ፊቱን ወደ በረቱ አዙሮ «ኮርማ አይተሽ የለ?» አለ። «ሰው ይወጋል፣ አጥር ይጥሳል። በኮላሸነው በዓመቱ ግን ሕፃን የሚነዳው ሰንጋ ይሆናል። አንገቱ ይቀጥናል፣ ቁጣው ይበርዳል። ኮርማው ሲዋጋ ሲቆስል ዕድሜውን ይጨርሳል፤ ሰንጋው አርሶ አርሶ ያረጃል። ከውስጡ የወጣችው እኮ ይቺን የምታህል ናት።»

ዘልዬ ላቅፈው ነበር። ግን እንዲህ ያለ ወሬ አባትና ሴት ልጅ አያወሩትም፤ ፊቱን ወደ በረቱ ያዞረውም ለዚያ ነው። ሁለታችንም አፈርን። እኔ ግን ውስጤ ይጨፍር ነበር፤ አስተማሪው በመጽሐፍ ያገኘውን አባቴ በበረት ሲያውቀው ኖሯል። በማግስቱ አማቷን አስፈቅዶ እህቴን አመጣት።

ከሚሴን ለቆ ለመውጣት የቀበሌ ይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ጸሐፊው ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ስለ ዕጢ ላስረዳው ጀመርኩ፤ ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ «ለሕክምና» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን መታበት። ኬላ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ለፍተሻ ሲወርድ እህቴ የአውቶቡሱን ደረጃ ለመውረድ ብዙ ቆየች። ሚሊሻው «ምን ደብቃ ነው?» ብሎ ጮኸ። እኔም ጮኽኩበት፤ አባቴ በክርኑ ባይደቁሰኝ ኖሮ ጉዟችን እዚያው ላይ ያበቃ ነበር።

ደሴ ያገኘነው ሐኪም ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አስተማሪው የጻፈልኝን ወረቀት አንብቦ ፈገግ አለና እህቴን ወንበር ላይ አንበረከካት። እግሯ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ከተረከዟ በላይ ያለውን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታ አደረገው። እግሯ ፈንጠር አለ፤ ሲመለስ ግን ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ ነው። «አንቺም ነይ» ብሎ የእኔን ሲመታው እግሬ ሄዶ ወዲያው ተመለሰ።

«ልዩነቱን አየሽ?» አለኝ።

አየሁ እንጂ! ስንፍና ቢሆን እግሯን ማን ስንፍና አስተማረው? ጅማቷ ድረስ ዘግይታ ነበር። የሐኪሙ እግር ላይ ብወድቅ ደስ ባለኝ።

ሐኪሙ የጎደላትን ሆርሞን የሚተካ ክኒን አዘዘላት፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። በየማለዳው አንዳንድ፣ በባዶ ሆድ፣ ዕድሜ ልኳን መዋጥ አለባት። በነዚያ ሁለት ሳምንታት እንቅልፌ ሁሉ በአንድ ሐሳብ ተያዘ። ያቺ ተጫዋች፣ ያቺ ግጥም አዋቂ እህቴ የት ሄዳ ነበር? አልሞተች፣ አልተሰደደች። በአንዲት ጠብታ እጥረት ብቻ ከራሷ ርቃ ነበር። ነገሩ ያስፈራኝ ነበር፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ደስታው ይበልጥ ነበር፤ በጠብታ የጠፋ በጠብታ ይመለሳል።

እህቴ ወደ ባሏ ቤት ተመልሳ ነበር፤ ብልቃጡን ጨፋ ያደረስኩት እኔ ነኝ። በአማቷ ፊት ከፍ አድርጌ ይዤ እንደ ካድሬ ንግግር አደረግሁ። «ይህ ክኒን የጠፋ አእምሮ ይመልሳል፤ ዕድሜ ያረዝማል» አልኩ። አማቷ በዚያ ሰሞን ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት ጀምረው ነበር። ብልቃጡን ትኩር ብለው አዩት። አላመኑኝም ብዬ ተናደድኩ።

ከወር በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። ጋቢዋን በቀትር ታወልቃለች፤ ዓረፍተ ነገሯንም አንዳንዴ ትጨርሳለች። ግን አሁንም ዝግ ያለች ናት፤ ፊቷም እብጠቱ አልለቀቀውም። እኔ የጠበቅሁት ይህን አልነበረም፤ ለሽማግሌው ቀን የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ክኒኖቹን ስቆጥራቸው ልክ በየቀኑ አንዳንድ ጎድለዋል፤ ታዲያ ለምን እንዲህ ዘገየ?

አማቷ ደግሞ ሌላ ጉድ ሆነዋል። ገና ጎህ ሲቀድ ግቢ ይጠርጋሉ፣ የጠረጉትን መልሰው ይጠርጋሉ፣ ዶሮዎቹን ይሳደባሉ፣ ላባቸውን ይጠርጋሉ። «እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ፤ ልቤ ደረቴን ሊሰብረው ነው» አሉኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ዓይኔ ላይ ድቅን አለ፤ ይሄ እኮ አስተማሪው «ሲበዛ» ያለው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ነገሩ ገባኝ። እህቴ ክኒኗን በቢላ ጫፍ ለሁለት ከፈለችና እኩሌታዋን በመዳፏ ይዛ «እማ፣ ቢስሚላህ» ብላ ለአማቷ ሰጠች። ከዚያ የራሷን ዋጠች።

በዚያ ቤት ምራት አማቷን ሳታስቀድም ምንም ነገር አትቀምስም። ከማሩ መጀመሪያ ለእሳቸው፣ ከጫቱ ለጋው ቀንበጥ ለእሳቸው፣ ከእሸቱ የፊተኛው ለእሳቸው። ብቻን መብላት ነውር ነው። እህቴ ክኒኑን ከዚህ ለይታ አላየችውም፤ ከአማቷ ፊት ለብቻዋ ልትውጠው እንዴት ይቻላታል?

«አንቺ ጅል፣ መድኃኒት ይካፈላል እንዴ?» ብዬ ጮኽኩባት። «ልጅሽን ሊወስዱብሽ ነው እኮ!» ወደ አማቷም ዞርኩ። «የእርስዎ ማሰሮ ሙሉ ነው፤ ሲጨምሩበት ይገነፍላል። የእሷ ነው ባዶ የሆነው።»

አማቷ መዳፋቸው ላይ ያለችውን እኩሌታ አዩ፤ ወደ ብልቃጡ መለሷት። «ዕድሜ ይጨምራል ስትዪ ሰምቼ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምላሴን ብውጠው ደስ ባለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ ሙሉውን ዋጠች።

የሽማግሌው ቀን ደረሰ። ግቢው ውስጥ ሰሌን ተነጥፎ አባቴና የባሏ ዘመዶች ተቀመጡ። እህቴ ልጇን ይዛ ጥግ ላይ ናት፤ እኔ እንዳልናገር ተመክሬ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነጠላዬን እነክሳለሁ። የባሏ አጎት ዱዓውም፣ ሐኪሙም እንደተሞከረ ተናገረ። ልጅቱ ገና ዝግ እንዳለች ነው፤ ትመለስ አለ። ባሏ አቀረቀረ። አባቴ አፉን ሊከፍት ሲል አማቷ ከተቀመጡበት ተነሱ።

«ስንፍና ናት ያልኩት እኔ ነኝ፤ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አሉ። «የእሷን መድኃኒት እኩሌታ ወር ሙሉ ዋጥኩ። ልቤ ጋለበ፣ እንቅልፍ ከቤቴ ወጣ፣ ዶሮ ሳይቀር ተሳደብኩ። ጠባዬን ታውቁታላችሁ፤ እንዲህ አልነበርኩም። የምስር ፍሬ የማታህል ነገር እኔን አሮጊቷን ይህን ያህል ካሯሯጠች፣ ይህችኑ ያጣች ልጅ በምን ጉልበቷ ትነሳ? ወላሂ፣ ሰነፍ አልነበረችም። ትቀመጥ። ልጇንም ማንም አይነካባት።»

አንጋፋው ሽማግሌ ጢማቸውን ዳበሱና «የቤቱ እናት እንዲህ ካለች እኛ ምን ቀረን» አሉ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞረው «አንቺስ የምትዪው አለሽ?» ብለው ጠየቋት።

እህቴ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋችና እኔ ወዳለሁበት በር ተመለከተች።

«ለእህቴ ነው የምለው» አለች። «ጅል፣ መድኃኒት ይካፈላል እንዴ ብላ ስትጮኽብኝ ዝም ብያት ነበር። ባላካፍል ኖሮ ታዲያ ዛሬ ማን ይመሰክርልኝ ነበር?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንዲት ቃል ሳትጎድል፣ አንድም ቦታ ሳትቆም፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረችው። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ አለቀስኩ።