ጣሳ ይውረድ፣ ሰሌዳ ይውጣ

የልዩ ፕሮጀክቶች ኃላፊ የሆንኩት ለማዕረጉ የሚበቃ ሰው ሆኜ አይደለም። ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ሰርኩላር መጣ፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የልዩ ፕሮጀክቶች ክፍል ያቋቁም ይላል። ልዩ ፕሮጀክት ምን እንደሆነ ግን አይልም። አለቃችን ጮክ ብሎ አነበበውና ዙሪያውን ተመለከተ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በጸሐፊነት የተቀጠርኩ ነበርኩ፤ ተቆጣጣሪዎቹ ሁሉ ሪፖርታቸውን የሚያስተይቡት በእኔ ነው። እኔ ኃላፊ ከሆንኩ ሪፖርቱን የሚጽፈውም የሚተይበውም አንድ ሰው ይሆናል፤ ይህ ቁጠባ ነው ተባለ። በዚያው ቀን ተሾምኩ። ክፍሉ እኔና አንድ ጠረጴዛ ነበርን። ጠረጴዛው የኮሪደሩ ጫፍ ላይ ስለተቀመጠ እኔ ካልተነሣሁ የሽንት ቤቱ በር አይከፈትም። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ክፍሌን በደንብ ያውቀው ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ጎንደር ፒያሳ፣ ጣልያን በሠራው ፎቅ ላይ ነበር። ሥራችን ንግድ መቆጣጠር ነው። ፈቃድ እንሰጣለን፣ ፈቃድ እንነጥቃለን፣ ሚዛን እንመረምራለን፣ ዋጋ ለጥፉ እንላለን። በደርግ ጊዜ የሚሸጠው ነገር እያነሰ፣ የሚቆጣጠረው ሰው እየበዛ ሄደ። አንዳንድ ቀን ገበያ ስንወጣ ከሻጮቹ እኛ እንበዛ ነበር።

አለቃችን ከአስተማሪነት የመጣ፣ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። «በሳይንሳዊ መንገድ» ሳይል ሻይ አያዝም። ክፉ ሰው አልነበረም። ፈሪ ነበር፤ በዚያ ዘመን ፈሪ ያልሆነ ሰው ብዙ አልቆየም።

ለልዩ ክፍሉ ልዩ ፕሮጀክት ያገኘለት እሱ ነው። አንድ ጠዋት ከአዘዞ ወደ ከተማ ሲመጣ በመንገዱ ዳር ያሉትን ጠላ ቤቶች በማኪናው መስኮት ተመለከተ። አንዷ ደጃፍ ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ አለ። ሌላዋ ጋ ቅል ነው። ሌላዋ ጋ እጀታው የወለቀ የሸክላ ስኒ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ጣልያን ጥሎት የሄደውን የወታደር ቆብ፣ የብረቱን፣ ሰቅላ ነበር። በማግስቱ ስብሰባ ጠርቶ ይህ ሥርዓት አልበኝነት ነው አለን። ፈቃድ ያለው ጠላ ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ሰሌዳ ይኖረዋል፤ ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ በቢጫ «ፈቃድ የተሰጠው የጠላ መሸጫ» የተጻፈበት። ጣሳ፣ ቅል፣ ስኒና የወታደር ቆብ ይወርዳሉ።

ጠላ ቤት ደጅ ያለው ጣሳ ምን እንደሚል ጎንደር ውስጥ የማያውቅ የለም። ጣሳው ከተሰቀለ ጠላው ደርሷል፣ ግባ ማለት ነው። ጋኑ ሲያልቅ ጣሳው ይወርዳል፤ ሴትዮዋ እንደገና ብቅሏን አብቅላ፣ ጌሾዋን ወቅጣ፣ ድፍድፏን ጥላ እስኪደርስላት ሰው አይገባባትም። በስብሰባው ላይ የተቀመጡት ተቆጣጣሪዎች ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። እኔ ሴት ነኝ፤ ጠላ ቤት ገብቼ አልቀመጥም። እነሱ ግን ከሰዓት በኋላ «መስክ ነን» ብለው የሚወጡት ወዴት እንደሆነ ትንፋሻቸው ይናገር ነበር። ሆኖም ያን ሰሞን በሥራ ሰዓት መጠጣት ጸረ አብዮት ነው የሚል ዘመቻ ነበር። ስለ ጣሳ ማወቅ ጠላ ቤት መግባትን ማመን ስለሆነ ሁሉም ጣሪያውን አየ።

እኔ ጠየቅኩ። ጠላው ሲያልቅስ ሰሌዳው ምን ይሆናል አልኩ።

«ጠላ ማለቅ የለበትም» አለ አለቃዬ። «እሱ የአቅርቦት ጉዳይ ነው፤ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው።»

ይህን በቃለ ጉባኤው ላይ ተየብኩት።

ስብሰባው ሲያበቃ ወደ ጎን ወሰደኝ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ትልቅ ሰው ፕሮጀክቱን ሊያይ እንደሚመጣ፣ ያን ጊዜ ሰሌዳው ሁሉ ወጥቶ ጣሳው ሁሉ ወርዶ መገኘት እንዳለበት ነገረኝ። ካልሆነ ደግሞ መተማ ያለው ጽሕፈት ቤታችን ሰው ጎድሎታል አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ራሴ እንድጨርሰው ተወው።

የመተማን ሙቀት አልፈራም ነበር። የማልችለው ሌላ ነገር ነው። አባቴ አዘዞ ይኖራል። ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ ጉልበቱ ከዳውና ከአልጋው እስከ ደጁ ለመድረስ ግድግዳ ይዞ ነው። እናቴ የለችም። ወንድሜ ዘምቶ አልተመለሰም። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ አዘዞ ወርጄ እሳት አነድለታለሁ፣ አበላዋለሁ፣ እግሩን በሙቅ ውሃ አጥባለሁ። መተማ ከሄድኩ ይህን የሚያደርግ ሰው አልነበረም። ነገሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ ሰሌዳ ሰቀልኩ። አንድ ተቆጣጣሪ መሰላል ተሸክሞ፣ እኔ ሚስማርና ቦርሳ ይዤ፣ ጠላ ቤት ለጠላ ቤት ዞርን። ተቆጣጣሪውን በየደጁ በስሙ ይጠሩታል፤ እሱ ደግሞ አያውቁኝም እያለ ያጉረመርም ነበር። ቀለም ቀቢው በራሱ ሐሳብ በእያንዳንዱ ሰሌዳ ጥግ ላይ ኮከብ ስሎበታል። አለቃዬ ኮከቡን ሲያይ በጣም ደስ አለው። በኋላ አልተደሰተበትም።

አባቴ ጠላ የሚያስቀዳው አዘዞ መንገድ ላይ ካለች አንዲት መበለት ነው። የእሷን ሰሌዳ ስንመታ በሩ ላይ ቆማ አየችን። ጣሳዋን ከእንጨቱ አውርዳ በብብቷ ያዘች።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ይወርዳል?» አለችኝ።

አይወርድም፣ በሚስማር ነው አልኳት።

«ጠላዬስ?»

የአቅርቦት ጉዳይ ነው ልላት አፌ አልታዘዘልኝም።

የመጀመሪያው የገበያ ቀን ቅዳሜ መጣ። ከድብ ባሕር በኩል በጭነት ማኪና የወረደው፣ ከአይከል በአህያ የመጣው ገበሬ እህሉን ሸጦ ሲጠማው ሰሌዳውን እያየ ይገባ ጀመር። ገሚሱ ማንበብ አይችልም፤ ግን ቀዩ ቆርቆሮ ያለበት ቤት ጠላ አለ ብለው ነግረውታል። አንዷ ፀጉሯን እየታጠበች ሳለ ሦስት ሰዎች ገብተው መደብ ላይ ተቀመጡ። ሌላዋ የወለደች አራስ ናት፤ አልጋዋ ሥር ድረስ መጥተው «ምነው፣ አትቀጅም?» አሏት። ከሁሉ የባሰው ያን ሰሞን ባሏ የሞተባት ሌላ ሴትዮ ቤት የሆነው ነው። ገበሬዎቹ ሰሌዳውን አይተው ገቡ፤ ሰው ሞልቷል፣ ጠላም ይዞራል። ተቀመጡ፣ ተሰጣቸው፣ ጠጡ። ሲበቃቸው ሒሳብ ጠየቁ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው። አንዱ ዙሪያውን አየና ነገሩ ገባው መሰል ጋቢውን ፊቱ ላይ አድርጎ ማልቀስ ጀመረ፤ ጓደኞቹም ተከተሉት። ለቀስተኛው የሟች የሩቅ ዘመድ መስለውት አጽናናቸው አሉ።

ሰኞ ጠዋት ሴቶቹ መሥሪያ ቤት መጡ። ከፊት የቆመችው የአባቴ ጠላ ሻጭ ነች። አለቃዬ ቢሮውን ዘግቶ የልዩ ፕሮጀክቶች ጉዳይ ነው በሏቸው ስላለ ወደ እኔ ተመሩ። ኮሪደሩ ሞላ። ሽንት ቤት የሚፈልግ ሰው ሁሉ ከውጭ ቀረ።

መበለቲቱ አልጮኸችም። «ጣሳዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ዋሽቶ አያውቅም» አለችኝ። «ይሄ የእናንተው ቆርቆሮ ሌት ተቀን ይዋሻል። እኔን ነው ውሸታም የሚሉኝ። አንዱ ሰፈርተኛ ገብቶ አጥቶ ሰድቦኝ ወጣ። ወይ አውርዱት ወይ አፉን አስይዙልኝ።»

ማውረድ አልችልም፣ ጣሳ መስቀልም አይፈቀድም አልኳት። ለእሷ ያልነገርኳት መተማን ነው። ትንሽ አየችኝ፤ ለአባቴ ነግሬው ስለነበር ምናልባት ከእሱ ሰምታለች። ከዚያ በማውረድና በመስቀል መሃል ያለው ነገር ተከልክሏል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መመሪያውን አወጣሁና አነበብኩት። ስለ መሸፈን የሚል ነገር የለበትም። የለበትም አልኳት።

በዚያው ሳምንት የአዘዞ መንገድ ሰሌዳዎች ልብስ ለበሱ። ጠላ ያላት ሰሌዳዋን ትገልጣለች፤ የሌላት ትሸፍናለች። መበለቲቱ የጨው ጆንያ አለበሰችው። ሌላዋ አሮጌ ነጠላ። አንዷ ደግሞ የባሏን ያለቀ ሱሪ በሁለቱ እግሮቹ አሥራ አንጠለጠለችው። ገበያተኛው ወዲያው ለመደው። እኔ ለአለቃዬ አልነገርኩትም። ፕሮጀክቱ እንዴት ነው ሲለኝ ሰሌዳው ሁሉ ወጥቷል፣ ጣሳው ሁሉ ወርዷል አልኩት፤ እውነት ነው።

ትልቁ ሰው በአውሮፕላን አዘዞ ወረደ። አለቃዬና እኔ በመሥሪያ ቤቱ ማኪና ሄደን ተቀበልነው። ወፍራም፣ ጥቂት የሚናገር፣ ሙቀቱ የበዛበት ሰው ነበር። ወደ ከተማ መንገድ እንደጀመርን የመጀመሪያው ሰሌዳ ታየ፤ ሱሪ የለበሰው ነው። ነፋስ ስለነበረ እግሮቹ ይወዛወዛሉ። ከኋላቸው ኮከቡ ብቅ ጥልቅ ይላል።

«ይሄ ምንድነው?» አለ እንግዳው።

የአለቃዬ አንገት ላይ ላቡ ሲወርድ ከኋላ ወንበር አየሁት። በአብዮቱ ኮከብ ላይ ሱሪ ማንጠልጠል ምን ሊያስከትል እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን፤ ከመተማ በጣም የራቁ ቦታዎች ነበሩ። የእኔ ሐሳብ ግን መተማና የአባቴ እግር ላይ ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ በዚያ ዘመን ማንኛውም የመንግሥት ሥራ ባለሥልጣን መጥቶ ጨርቁን እስኪገልጠው ድረስ ተሸፍኖ ነው የሚቆየው።

«ምረቃ እየጠበቀ ነው ጓድ» አልኩ። «እርስዎ ሳይገልጡት አይሆንም ብለን ነው።»

«በሱሪ?»

«ቀይ ጨርቅ ጠይቀን አልተፈቀደልንም።»

ይህም እውነት ነበር። ምን ጠይቀን ተፈቅዶልን ያውቃል።

እንግዳው ማኪናው ይቁም አለ። ያቆምነው መበለቲቱ ደጅ ላይ ነው። በሯ ዝቅ ያለ ስለሆነ እጁን ዘርግቶ የጆንያውን ጫፍ ያዘ። አለቃዬ ለማጨብጨብ እጆቹን አዘጋጀ። በዚህ መሃል መበለቲቱ እጇ ብቅል እንደ ነካ ወጣችና የጆንያውን ሌላ ጫፍ ያዘች።

«ተው ጌታዬ፣ አይግለጡት» አለችው።

«ለምን?»

«ጠላው አልደረሰማ። እርስዎ ገልጠው ይሄዳሉ፤ ሰዉ የሚገባው በኔ ላይ ነው።»

ጆንያውን ለሁለት እንደያዙ ትንሽ ቆሙ። እንግዳው መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም ተመለከተ፤ የተሸፈነውን፣ የተገለጠውን፣ የተሸፈነውን። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲላላ አየሁ። እሱም አንድ አገር ተወልዷል፤ እዚያም ጣሳ አለ።

«የደረሰው የት ነው?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

በአገጯ አሳየችው። ከዚያ ሁለት በር አልፎ ሰሌዳው ፊቱን የገለጠ ቤት ነበር። ጆንያውን ለቀቀላትና በእግሩ ሄደ። እኔ ደጅ ቀረሁ፤ አለቃዬ ተከተለው። ጠላ ሻጯ ትልቁን ሰው ጎንበስ ብላ ከተቀበለች በኋላ አለቃዬን አየችና «ምነው አያ፣ ዛሬ በፊት በር?» አለችው። በሩ ክፍት ስለነበር በደንብ ሰማሁት። ሹፌሩም ሰማ።

ሲወጡ እንግዳው ፊቱ ወዝቶ ነበር። ፕሮጀክቱ የተሳካ መሆኑን፣ ሰሌዳው በሁለት አቋም የሚሠራ መሆኑ ከሌሎች ቅርንጫፎች እንደሚለየው፣ ጉድለቱ የመሸፈኛ ብቻ እንደሆነ ነገረን። ለሁሉም አንድ ዓይነት መሸፈኛ እንዲዘጋጅ፣ ይህም ሁለተኛ ምዕራፍ ተብሎ እንዲያዝ አዘዘ። ሥራውን የጀመረችው ጓዲት ትቀጥልበት አለ። አለቃዬ «በሳይንሳዊ መንገድ ይፈጸማል» አለ። መተማን ከዚያ ወዲያ አላነሣውም። በኋላ እዚያ ማን እንደተላከ አላውቅም፤ ጨርቁም አልመጣም።

ያን ቀን ማታ አዘዞ ስደርስ አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ጠዋት ምንም አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ነጠላዬን ሰቅዬ እሳቱን ቆሰቆስኩ።

«መተማስ?» አለኝ።

«ቀረ።»

ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰው፤ ሊነሣ ሲል የሚያደርገው ነው፤ ግን አልተነሣም።

«ሸጋ» አለ በመጨረሻ። «እንግዲያ ጆጉን ይዘሽ ሂጂና አስቀጂልኝ።»

ጆጉን ይዤ ወጣሁ። መንገዱ ማዶ የመበለቲቱ ሰሌዳ ጆንያውን እንደለበሰ ነው። ጠላው እንዳልደረሰ ጠዋት ሰምቻለሁ፤ ቢሆንም እስከ ደጇ ሄጄ አየሁትና ተመለስኩ። ተሸፍኗል አልኩት።

አባቴ ባዶውን ጆግ ተቀበለኝ፣ ውስጡን አየ፣ አጠገቡ አስቀመጠው።

«ሠርቷል በይኛ ያንቺ ሰሌዳ» አለኝ።

የእግሩን ውሃ ጣድኩ።