የዘሀራ የአምበር ዶቃ

ዛሬ ሞጣ ገበያ ብር ሠሪው የሟች ባለቤቴን የዘሀራን የአንገት ጌጥ አይቶ ሳቀብኝ።

ትናንት በሎሚና በአመድ አሽቼው ነበር። ብሩ ጠራ፤ ከደረቀ የዛፍ ሙጫ የሚሠራው ቢጫው የአምበር ዶቃ ግን ፈዘዘ።

«ጋሼ፣ ድስት መሰለዎት እንዴ? ሎሚና አመድ ለብሩ ነው። አምበር በለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል። ወዙ የሚመለሰው ግን ሰው ሲያደርገው ነው፤ ሣጥን ውስጥ ከከረመ ይሰነጠቃል። ቤት የሚያደርገው የለም?»

«የለም» አልኩት።

መሳቁን ተወና ዶቃውን በጋቢው ጫፍ ወልውሎ መለሰልኝ።

ይህን የምጽፈው ከሸሚዜ ሥር አድርጌው ነው። ሰው እንዳያይብኝ ቁልፉን እስከ አንገቴ ቆልፌያለሁ። እስካሁን በሩን ያንኳኳ የለም።

እናንተ ቤትስ ባለቤቱ የሞተ ጌጥ አለ? ማን ያደርገዋል?