ላብ አደር ያለች እህቴ

እናታችን «ሠራተኛ» የሚለውን ቃል አትወደውም ነበር። ሰው «ልጆችሽ ምን ይሠራሉ?» ሲላት «ዘይት ቤት ናቸው» ትላለች እንጂ «ሠራተኛ ናቸው» ከአፏ አይወጣም። በእሷ ጆሮ ሠራተኛ ማለት ሰው ቤት ገብታ ድስት የምታጥብ ገረድ ናት። የዘይት መጭመቂያው የድሮ ባለቤት ደግሞ «ኩሊዎቼ» ይለን ነበር። መጭመቂያው ሲወረስ ኩሊነቱ ቀረና «ሰፊው ሕዝብ» ሆንን፤ ቀጥሎ «ጭቁኑ መደብ»፣ ከዚያም «ወዝ አደር»። ስማችን እንዲህ ሲያምር እኔና ታላቅ እህቴ ከጣና ዳር፣ በዚያው ትኩስ ቆርቆሮ ሥር፣ ያንኑ ከቆላ ድባ የሚመጣ የኑግ ጆንያ እንጎትት ነበር።

እህቴን ያሳሰራት አንድ ቃል ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ሞተሩን ከመጭመቂያው ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ ክዳን አልነበረውም፤ ራቁቱን ነው የሚሽከረከረው። በአጠገቡ ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ ወለሉም ዘይት ጠጥቶ ያንሸራትታል። የተጨመቀውን ፋጉሎ በአንድ ክንዳችን አቅፈን፣ በሌላው እጃችን ቀሚሳችንን ሰብስበን፣ ግድግዳ ታክከን እናልፋለን። አንድ ቀን ቺንጋው የእህቴን ነጠላ ጫፍ ለቀም አደረገው። ጨርቁ ያረጀ ስለነበር ተቀደደና እሷ ተረፈች።

«አዲስ ለብሼ ቢሆን ኖሮ አልቆልኝ ነበር» አለችኝ።

ለፎርማኑ ነገረችው። «በስብሰባ አንሺው» አላት።

ስብሰባ የሚደረገው ከሥራ ስንወጣ መጋዘኑ ውስጥ ነበር። የሚመራው ካድሬ ገና ወጣት ነው፤ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጫማው የጠራ። እግራችን እስኪዝል አወራና «አስተያየት ያለው» አለ። እህቴ ተነሣች።

«ጓድ፣ እኛ ላብ አደሮች አንድ ችግር አለብን። ቺንጋው...»

«ምን አልሽ?»

«ቺንጋው ክዳን የለውም።»

«ከዚያ በፊት ያልሽውን!»

«ላብ አደሮች...»

«ማነው ይህን ቃል ያስተማረሽ?»

ያን ጊዜ ነገሩ እንዲህ ነበር። መንግሥት «ወዝ አደር» ይላል። በድብቅ ወረቀት የሚበትኑት፣ በየመንገዱ ተገድለው የሚጣሉት ወጣቶች ደግሞ «ላብ አደር» ይላሉ። ለእኛ ሁለቱም ያው ናቸው፤ በድካሙ የሚያድር ሰው ማለት ነው። ለካድሬዎቹ ግን አንዱን ያለ ጓድ፣ ሌላውን ያለ አናርኪስት ነው። እህቴ ቃሉን የሰማችው ፊደል ካስቆጠሯት ዘማች ተማሪዎች ነው፤ ያኔ ገና ወንጀል አልሆነም ነበር። ወንጀል መሆኑን የነገራት ሰው የለም።

«ልዩነቱ ምንድን ነው ጓድ? ላቤ አይደል እንዴ የሚንጠፈጠፈው?» አለች።

«ላብማ በቅሎም ያልባታል! ወዝ ግን የአምራቹ ኃይል ነው» አለ ካድሬው።

«በቅሎዋስ ብትሆን ቺንጋው አይይዛትም?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ነው የጨረሳት። ካድሬው ፊቱ ጠቆረ፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጠራ፣ እህቴን ከመካከላችን ይዘዋት ሄዱ። ስለ ቺንጋው አንድም ሰው ደግሞ አላነሣም።

ቀበሌው ያሰራት ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ስንቅ ይዤ እሄዳለሁ። ጠባቂው ሽሮውን በእንጨት ያማስለዋል፤ ወረቀት ይፈልጋል መሰለኝ። እሷን ከበር ላይ ብቻ ነበር የማያት። አንድ ቀን ግድግዳ ይዛ ወጣች፤ እግሯ አብጦ ጫማ አላስገባ ብሏል።

«ምን አደረጉሽ እታለም?»

«ምንም። ለእማዬ ደህና ናት በያት።»

እሷ እንደታሰረች ነው ቺንጋው አንድ ሽማግሌ ባልደረባችንን የያዘው። ከጢስ ዓባይ የመጡ፣ ማሽኑን ግራሶ የሚቀቡ፣ ሁላችንም «አባባ» የምንላቸው ሰው ነበሩ። ጎንበስ ሲሉ ቺንጋው የካፖርታቸውን እጅጌ ያዘው። ጩኸታቸውን ከሞተሩ ድምፅ በላይ ሰማሁት። ሞተሩ እስኪጠፋ ክንዳቸው ክንድ አልነበረም። በጋሪ ጭነን ሆስፒታል አደረስናቸው፤ ከክርናቸው በላይ ተቆረጠ።

በማግሥቱ አናጢ መጣ። ጣውላ ለካ፣ ቆረጠ፣ መታ፣ ቺንጋውን ከደነው። ምሳ ሳይደርስ ጨርሶ መዶሻውን ይዞ ሄደ። በቃ ይኸው ነው! ለዚህች ሥራ እህቴ ተገረፈች፤ ለዚህች ሥራ አንድ ሽማግሌ ክንዳቸውን አጡ። ፋጉሎውን ጥዬ ወደ ካድሬው ቢሮ ሄድሁ።

«ጓድ፣ እህቴ የጠየቀችው ክዳን ተሠርቷል። ይልቀቁልኝ» አልሁት።

«የእህትሽ ጉዳይ የክዳን ጉዳይ አይደለም። የመስመር ጉዳይ ነው።»

«ምን መስመር? አንተ ቃል ስትለቅም የሰው ክንድ ተቆረጠ!»

«አንተ» ማለቴን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አልደነገጥሁም። እሱ ግን ብድግ አለ።

«አንቺም እንዳትከተያት! ውጪ!»

እህቴን የለቀቋት ግለ ሂስ ታድርግ ብለው ነው። እዚያው መጋዘን ውስጥ፣ በእኛው ፊት አቆሟት። ተጎሳቁላለች፤ ድምፅዋ ግን አልተነካም።

«ላብ አደር ብዬ ተሳስቼ ነበር። ወዝ አደር ነኝ። ይኸው አልሁ» አለች። ካድሬው እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ። እሷ ግን አልተቀመጠችም። «አሁን የአባባ ልጆች ምን ይብሉ?»

«እሱ የዛሬ አጀንዳ አይደለም» አለ።

ማንም አልሳቀም። መፈክር አሰማን፣ ግራ እጃችንን አነሣን፣ ተበተንን። ሽማግሌው ወደ ጢስ ዓባይ ተመለሱ፤ ለክንዳቸው የተሰጣቸው ነገር ቢኖር የጭብጨባ ምስጋና ነው። እህቴ መጭመቂያውን ዳግም አልረገጠችም። ማክሰኝት ያለችው አክስታችን ዘንድ ሄዳ ሽንኩርት መነገድ ጀመረች፤ እዚያው አገባች፣ ወለደች። እግሯ ክረምት ሲገባ ይነሣባታል። እኔ ለእናቴ ስል ቀረሁ፤ ወዝ አደር እየተባልሁ ኑጌን ጎተትሁ።

ካድሬው አድጎ ወደ አውራጃ ተዛወረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ገጠመኝ። ወፍሯል። እንደ ዘመድ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ፤

«ጓዲት፣ አሁንም እዚያው ነሽ?»

እናቴ ያሳደገችኝ ጠላትንም ቢሆን ሰላም እንድል ነው። እጄን ነጠላዬ ውስጥ እንደያዝሁ፣ ዓይኑን እያየሁ አለፍሁ። የተዘረጋ እጁን ምን እንዳደረገው አላውቅም፤ ዞር ብዬ አላየሁም።