የቆረጥኩት አሜን

የእኔ ሥራ ሲያምር አይታይም። ጎንደር አራዳ ውስጥ ባለችኝ ጠባብ ክፍል የሰው ሠርግ ቪዲዮ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፤ መቆረጡን ያወቀ ተመልካች ካለ ግን አበላሽቻለሁ ማለት ነው። ደንበኞቼ ምስጋናውን ሁሉ ለካሜራው ሲሰጡ እናደዳለሁ፣ ኩራቴ ግን አይቀንስም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ኮሶዬ ላይ የተደገሰ አንድ ሠርግ ሠርቼ ካስረከብኩ ከሦስት ወር በኋላ የሙሽሪት አባት ፍላሹን በመሐረብ ቋጥረው መጡ።

«ምነው ልጄ፣ ሠርጋችን ላይ ሰው አልነበረም?» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

«ሞልቶ ነበር እንጂ አያ። ምን ጎደለ?»

«አባቴ ሲመርቁ አሜን የሚል የለም። ምርቃቱን ማን ተቀበለው?»

ክው አልኩ። ሽማግሌው አባታቸው አንድ ቃል መርቀው ዝም ይላሉ፤ ዳሱን የሞላው ሰው «አሜን» ይላል፤ ደግሞ ይቀጥላሉ። እኔ መደጋገሙ ያሰለቻል ብዬ አሜኑን አንድ በአንድ ቆርጬ፣ ቃላቸውን በአንድ ትንፋሽ የተነገረ አስመስዬው ነበር። እንዲያውም ከሥራው ሁሉ የወደድኩት እሱን ነበር። እዚሁ ጎንደር ተወልጄ፣ ስንቴ ተመርቄ፣ ይህ እንዴት ይጠፋኛል!

ሽማግሌው ከሠርጉ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ አርፈዋል። «ልጄ አርግዛለች» አሉኝ አባትዬው፤ «የአያቴ ምርቃት ሜዳ ላይ ቀረ እያለች ታለቅሳለች።» ያልተቆረጠውን ጥሬ ቀረጻ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ቦታ ሲጠበኝ አጥፍቼዋለሁ። ይህን ስነግራቸው ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።

ከሌላ ሠርግ አሜን አምጥቼ ለጠፍኩ። እንከን አልነበረውም፤ ከእኔ በቀር ማንም አያውቀውም ብዬ ነበር። እሳቸው ግን የመጀመሪያውን እንደሰሙ እጄን ያዙኝ።

«ሸጋ ነው ልጄ። ግን ይሄ የሰው አሜን ነው። ቦታውን ብቻ መልስልን፤ እኛው እንላለን።»

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ የሽማግሌውን ፊት በዝምታ አቆየሁት። ምስሉ ድንገት ቀጥ ይላል፤ መቀጠሉ ፈጦ ይታያል። እንዲህ ያለ ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

ልንሞክረው ከፈትነው። «ውለዱ፣ ክበዱ» አሉ ሽማግሌው። አባትዬው ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁና «አሜን» አሉ። «ቤታችሁ ሙሉ ይሁን» ሲባል ግን ሳግ ድምፃቸውን ያዘው። ሽማግሌው ስክሪኑ ላይ ይጠብቃሉ፤ የተውኩት ዝምታ ሊያልቅ ነው። ማውሱን ለቅቄ ተነሣሁና ጮክ ብዬ «አሜን» አልኩ።